የገበያ ጉብኝት በላስታ፤ የቅዳሜውን ገበያ ለትምህርት የመጠቀም ዘዴ

መግቢያ

የላስታ ገበሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ላሊበላ ገበያ ይወጣል። የሚወጣውም ያለውን ሊሸጥ፣ የጎደለበትን ሊሸምት፣ ከዘመድ ወዳጅ ሊገናኝና ወሬ ሊሰማ ነው። ዳገት ቁልቁለቱን ሲወጣና ሲወርድ አርፍዶ የደረሰ ሰው፣ ጭነቱን ከአህያው እንዳወረደ አስቀድሞ በመጣው ነጋዴ ዋጋ ሸጦ፣ ሳይመሽበት አገሩ ለመግባት ይቸኩላል። በዚህም የተነሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተለፋበት ምርት ዋጋው የሚቆረጠው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው።

ገበሬው ስለ ማሳው ብዙ ያውቃል። የትኛው መሬት ቀድሞ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ገብስ ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው በሬ በቀኝ እንደሚጠመድ አስተውሎ ይዞታል። ስለ ገበያው ግን በዚያው ዓይነት አስተውሎ የመያዝ ልማድ ብዙ ጊዜ አይታይም። ገበያ ከማሳ ቀጥሎ ያለ ሁለተኛ ማሳ ስለሆነ እርሱም መታየት፣ መለካትና መመዝገብ ያስፈልገዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኞችና ገበሬዎች በቡድን ሆነው የገበያ ጉብኝት የሚያደርጉበትን መንገድ ማሳየት ነው። ጽሑፉ የተመሠረተው በላሊበላው የቅዳሜ ገበያ ላይ ቢሆንም፣ ዘዴው ለሌሎች የደጋ ገበያዎችም ያገለግላል።

1. ስለ ገበያውና ስለ አካባቢው

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ቀድሞ ሮሃ ትባል ነበር። ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናቷ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከተማይቱ ከጋሸና በሚገነጠለው 64 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ከወልድያና ከወረታ አውራ ጎዳና ጋር ትገናኛለች።

በአንድ ቅዳሜ በዚህ ገበያ የሚታየው ዕቃ የአካባቢውን የአየር ጠባይ በሙሉ ያሳያል። ከውርጩ ደጋ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ በግና የበግ ጠጉር ይመጣል። ከወይና ደጋው ስንዴ፣ ጤፍ፣ ምስር፣ ጓያ፣ ተልባና ማር ይወርዳል። ከቆላው ማሽላ፣ በርበሬና ፍየል ይወጣል። ከዚህ ሌላ ጌሾ፣ የባሕር ዛፍ አጠና፣ የሸክላ ዕቃ፣ ጋቢና ከሩቅ አገር በመኪና የሚመጣ ሸቀጥ ይገኛል።

ጨው በዚህ አገር ገበያ የቆየ ታሪክ አለው። ከአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በትግራይ በኩል ወደ ሰቆጣ፣ ከዚያም ወደ ላስታና ወደ ሌላው አገር በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ይጓዝ ነበር። አሞሌው እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለነበር፣ ባለ እህልና ባለ ጨው ሲገናኙ የሚነጋገሩት ስለ መለዋወጫው ልክ ነበር። ይህ የልውውጥ ልክ የሚባለው ነገር ዛሬም ዋና ቁም ነገር መሆኑ ወደ ታች ይገለጻል።

የእህል ገበያው አሠራር ባለፉት ዓመታት ብዙ ተለዋውጧል። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ይሰበስብ ነበር። ይህ አሠራር በ1982 ዓ.ም. ከቀረ ወዲህ ዋጋው የሚቆረጠው በሻጭና በገዢ ስምምነት ነው። ስምምነት ደግሞ ለሁለቱም የሚበጀው ሁለቱም እኩል ሲያውቁ ነው። ነጋዴው የወልድያን፣ የደሴንና የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ ሰምቶ ይመጣል። ገበሬው የሚያውቀው ያለፈውን ቅዳሜ ብቻ ከሆነ ሚዛኑ ከመነሻው ያዘነበለ ነው።

2. ከጉብኝቱ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ሀ/ ቡድን ማቋቋም፦ ከአንድ ቀበሌ ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ይበቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሾቹ ሴቶች ቢሆኑ ይመረጣል። እንቁላል፣ ዶሮ፣ ቅቤ፣ ጌሾና ለዕለት ወጪ የሚሆን ጥቂት እህል ወደ ገበያ የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ስለሆኑ፣ ያለ እነርሱ የሚደረግ ጉብኝት ግማሹን ገበያ ሳያይ ይመለሳል። ቢያንስ ሁለቱ መጻፍና ማንበብ የሚችሉ መሆን አለባቸው። ተማሪ ልጅ ካለ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው።

ለ/ ዕቃ ማዘጋጀት፦ አንድ ደብተር፣ እርሳስ፣ አንድ የሚንጠለጠል ሚዛን፣ ንጹሕ ከረጢት፣ ክዳን ያለው ደረቅ ጠርሙስና ጥቂት ደረቅ ጨው ይያዛል።

ሐ/ ጥያቄ መምረጥ፦ ሁሉን ለማየት የሚወጣ ሰው አንዱንም ሳያይ ይመለሳል። በአንድ ጉብኝት ከሦስት የበለጠ ጥያቄ አይያዝ። ለምሳሌ “ነጭ ገብስና ጥቁር ገብስ የዋጋ ልዩነታቸው ስንት ነው?”፣ “የበግ ገዢ የሚፈልገው ምን ዓይነት በግ ነው?”፣ “ከውጭ የሚመጣው ሽንኩርትና ድንች እዚህ ቢመረት ያዋጣል?” የሚሉትን መውሰድ ይቻላል።

መ/ ሥራ መከፋፈል፦ ሁለት ሁለት ሆኖ ወደ እህል ተራ፣ ወደ በግና ከብት ተራ፣ ወደ ማርና ቅቤ፣ ወደ አትክልትና እንቁላል መሄድ ይገባል። አሥር ሰው በአንድ ሻጭ ላይ ቢከበው ሻጩ ይደነግጣል፤ ገዢም ይሸሻል።

3. በገበያው ውስጥ የሚታይ

ሀ/ እህል ተራ

በመጀመሪያ የሚጠናው መስፈሪያው ነው። በላስታ ገበያ ቁናና ጣሳ እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። ይሁንና ቁናው ከቁና፣ ጣሳው ከጣሳ እኩል አይደለም። አንዱ ቆልሎ ሲሰፍር ሌላው በእጁ ይጠርገዋል። አንዱ ጣሳውን ነቅንቆ ሲሞላ ሌላው ከላይ ልል አድርጎ ያፈሳል። ስለዚህ የጣሳ ዋጋ ብቻ ሰምቶ ማወዳደር ያሳስታል።

መፍትሔው ከአንድ መስፈሪያ ሦስት ጊዜ አሰፍሮ በሚዛን መመዘንና አማካዩን መያዝ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ሻጭ ጣሳውን ገብስ በ40 ብር፣ ሁለተኛው በ39 ብር ይሸጣሉ እንበል። የመጀመሪያው ጣሳ 850 ግራም፣ የሁለተኛው 800 ግራም ቢመዝኑ፣ የመጀመሪያው በኪሎ 47 ብር፣ የሁለተኛው ግን 48 ብር ከ75 ሳንቲም መሆኑ ነው። ርካሽ የመሰለው ተወዷል ማለት ነው። ለመሸጥ የመጣ ገበሬም በገዢው መስፈሪያ ሲያስረክብ ይህንኑ ስሌት በተገላቢጦሽ ማድረግ ይኖርበታል። የሚመረጠው ግን ቤት መዝኖ ኪሎውን አውቆ መምጣት ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ጥራት ነው። ገዢ እጁን ከከረጢቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ወደ መካከልና ወደ ታች ሰድዶ የሚዘግነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚፈልገው የሚከተሉትን ነው፦

– በሚገባ የተበጠረና ጠጠር የሌለበት መሆኑን፣
– እንክርዳድ ያልተቀላቀለበት መሆኑን፤ እንክርዳድ ያለበት ዱቄት ራስ ያዞራል፤
– ነቀዝ ያልበሳው መሆኑን፤ የተበሳ ፍሬ ውኃ ላይ ቢጣል ይንሳፈፋል፤
– ደረቅ መሆኑን፤ ደረቅ ፍሬ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ እርጥቡ ግን ይላላል።

የጉብኝቱ ቡድን የተበጠረውና ያልተበጠረው እህል በዋጋ ስንት እንደሚለያዩ መጠየቅ አለበት። ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በሰፌድ የሚፈጀው ድካም ዋጋ ያለው መሆን አለመሆኑን ራሱ ገበሬው ይፈርዳል።

ለ/ በግና ከብት ተራ

የበግ ዋጋ በቁመናው ብቻ አይወሰንም፤ በቀን መቁጠሪያም ይወሰናል። በላሊበላ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚከበረው ልደት ከንጉሥ ላሊበላ ልደት ጋር አብሮ ስለሚውል፣ ከየአቅጣጫው ብዙ ምእመን ወደ ከተማይቱ ይጎርፋል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለልደትና ለትንሣኤ በግ ይፈለጋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ግን የሥጋ ፈላጊ ይቀንሳል። ወሎ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አገር ስለሆነ፣ ዒድ አልፈጥርና ዐረፋም የበግና የፍየል ዋጋ ያነሳሉ። እነዚህ በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እንደሚመጡ ማስታወስ ይገባል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በግ የሚያደልብ ገበሬ ማድለብ የሚጀምርበትን ቀን ከበዓሉ ወደ ኋላ ቆጥሮ ይወስን። ለማድለብ ሦስት ወር የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ለልደት የሚሸጠው በግ በመስከረም መጨረሻ መለየት አለበት። በመስከረምና በጥቅምት ሣሩ ለምለም ስለሚሆን የመኖው ወጪ ይቀላል። የትንሣኤው በግ ግን የሚደልበው በደረቁ ወራት ስለሆነ፣ ከአዝመራው በኋላ የባቄላና የአተር ገለባ ሳይባክን ተከምሮ መቆየት አለበት።

በበግ ተራ የሚቆሙት ጎብኚዎች የሦስት በጎችን ሽያጭ ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ መጨረሻው ስምምነት ይከታተሉ። ስንት ተጠራ? በስንት ተቆረጠ? ደላላው ከማን ስንት ወሰደ? ገዢው ጥርሱን አይቶ ምን አለ? ጀርባውንና ላቱን ሲዳብስ ምን ፈለገ? እነዚህ በደብተር ይጻፉ።

ሐ/ ማር ተራ

ንብና ላስታ በስምም በታሪክም የተሳሰሩ ናቸው። በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንብ ከቦት ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት። የአካባቢው ነጭ ማር የሚታወቀው በአብዛኛው መንተሴ ከሚባለው ቁጥቋጦ አበባ በመገኘቱ ነው። ዋናው ቆረጣም ክረምቱ ካለፈና አበባው ከፈካ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይሆናል።

በማር ተራ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ከነሰፈፉ የሚሸጠውና የተጣራው ማር የዋጋ ልዩነት ነው። ሁለተኛ፣ የእርጥበቱ ነገር ነው። ንቦች ሰፈፉን ሳይከድኑት የተቆረጠ ማር ቀጭን ስለሚሆን ሲቆይ ይቦካል። ማር በቅዝቃዜ መርጋቱ ግን ስኳር ስለተጨመረበት ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው፤ ንጹሕ ነጭ ማርም ይረጋል። ሻጩ ይህን ለገዢ ማስረዳት ካልቻለ ጥሩ ማሩን በረከሰ ዋጋ ይሰጣል።

መ/ አትክልትና እንቁላል

በጾም ወራት እንቁላልና ቅቤ ይረክሳሉ፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና አትክልት ይፈለጋሉ። በፍስክ ደግሞ ይህ ይገለበጣል። ጫጩት የሚያስፈለፍል ሰው እንቁላል በሚረክስበት በጾም ወራት ለጫጩት ማዋሉ፣ በሚወደድበት ጊዜ ደግሞ መሸጡ ይበጀዋል።

የሆቴሎችና የእንግዶች ፍላጎትም ይጠና። እንግዳ በብዛት በሚመጣበት ዘመን ካሮት፣ ሰላጣ፣ ድንችና እንቁላል የሚገዛ ሆቴል ይኖራል። ሆኖም በዚህ ገዢ ላይ ብቻ መተማመን አደገኛ መሆኑ ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የእንግዳው እግር ተቋረጠ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ ደረሰ። ለሆቴል ብቻ አስቦ የተከለ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ምርቱን ወስዶ የሚሸጥበት ያጣል። ስለሆነም ከጓሮው ግማሹ የአካባቢው ሰው በየዕለቱ በሚበላው፣ ማለትም በድንች፣ በሽንኩርትና በጎመን ቢያዝ ይመረጣል።

ሠ/ ከገበያ ዘር ሲገዛ

ዘር ያጣ ገበሬ ከእህል ተራ ገዝቶ መዝራቱ የማይቀር ነው። ስለዚህ እንዴት መምረጥ እንዳለበት ይማር። በተቻለ መጠን ከራሱ ቀበሌ ከፍታ ጋር ከሚመሳሰል አገር ከመጣ ሰው ይግዛ። የቆላ ዘር ደጋ ላይ ዘግይቶ ውርጭ ያገኘዋል። ስሙን፣ የታጨደበትን ዓመትና ቦታ ይጠይቅ። ከዚያም ከመዝራቱ በፊት 100 ፍሬ ያለ ምርጫ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጥ፤ ጨርቁም እንዳይደርቅ በየቀኑ ውኃ ይርጭበት። በሰባተኛው ቀን የበቀሉትን ይቁጠር። 85ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። 70 ያህል ከሆነ መጠኑን ጨምሮ ሊዘራው ይችላል። ከ50 በታች ከሆነ ግን ለምግብ ይዋል እንጂ መሬት አይበላሽበት።

4. ዋጋ አመዘጋገብ

ማስታወስ ብቻውን አይበቃም፤ ያለፈው ዓመት ዋጋ በአእምሮ ውስጥ ይደባለቃል። ለአንድ ቀበሌ አንድ ደብተር ይበቃል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ የሚከተሉት ይመዝገቡ፦

1/ ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ፤
2/ የአንድ ኪሎ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ጓያ ዋጋ፤
3/ የአንድ መካከለኛ ሴት በግና የአንድ መካከለኛ ጠቦት ዋጋ፤
4/ የአንድ እንቁላልና የአንድ ኪሎ ማር ዋጋ፤
5/ የአንድ ቀን የጉልበት ሠራተኛ ክፍያ፤
6/ ልዩ ምልክት፤ ለምሳሌ “ሴት በግ በብዛት ወጣ”፣ “የእርሻ በሬ ተሸጠ”፣ “ከወልድያ መኪና አልመጣም”።

ዋጋው ሁልጊዜ ከሦስት ሻጮች ተጠይቆ መካከለኛው ይጻፍ። መካከለኛ በግ ሲባል ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ስምምነት ይደረግ፤ አለዚያ አንድ ቀን የሰባ፣ ሌላ ቀን የከሳ በግ ዋጋ ተጽፎ መዝገቡ ዋጋ ያጣል።

5. የበግና የእህል ልውውጥ ልክ

ከመዝገቡ ሁሉ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው፣ አንድ በግ ተሸጦ ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ የሚያሳየው ቁጥር ነው። የሚገኘውም የበጉን ዋጋ ለአንድ ኪሎ ገብስ ዋጋ በማካፈል ነው።

ለምሳሌ ያህል በታኅሣሥ አንድ በግ 4,800 ብር፣ ገብስ በኪሎ 40 ብር ቢሆን፣ አንድ በግ 120 ኪሎ ገብስ ያስገባል። በሰኔ በጉ 3,900 ብር፣ ገብሱ 52 ብር ቢሆን ግን 75 ኪሎ ብቻ ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢፈልግ በቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ይፈጃል። እንግዲህ የታኅሣሡ በግ ቤተሰቡን 48 ቀን ሲያበላ፣ የሰኔው በግ የሚያበላው 30 ቀን ነው። በጉ ያው በግ ነው፤ የጠፋው የ18 ቀን እንጀራ ነው።

ይህ ቁጥር የአንድን ቤት ብቻ ሳይሆን የአገርንም ችግር አስቀድሞ ያመለክታል። ዝናብ ሲቀር ገበሬው ከብቱንና በጉን ወደ ገበያ ያወጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ እህል ደግሞ ይወደዳል። ሁለቱ ዋጋዎች በተቃራኒ መንገድ ሲሄዱ ማየት የረሀብ መቅድም ነው። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ የሆነው ይኸው ነበር።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ስለመታው ረሀብ የሕንዱ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሀብ ባሳተሙት መጽሐፍ የጻፉት ለዚህ ትምህርት ይጠቅማል። ሊቁ እንዳሳዩት በዚያ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ የናረ አልነበረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ እህል የወጣበት ጊዜ ነበር። ሰው የተራበው ምርቱ ጠፍቶበት፣ ከብቱም አልቆበት፣ መግዣ ስላጣ ነው። ከዚህ የምንረዳው የእህል ዋጋ ብቻውን አይቶ “ገበያው ደኅና ነው” ማለት እንደማይቻል ነው። ገዢው የሚከፍልበት ነገር አብሮ መታየት አለበት። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም ኋላ ለማስጠንቀቂያ ሥራው የእህልና የከብት ዋጋን ከየገበያው ይሰበስብ የነበረው ስለዚህ ነው።

የደመወዝም ነገር እንዲሁ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ሥራ በገንዘብ የሚከፈለው ሰው፣ በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ በናረ ጊዜ፣ የተከፈለው ብር ሳይቀንስ የሚገዛው እህል ቀንሶበታል። ስለዚህ የቀን ክፍያውም በኪሎ እህል ተሰልቶ ይመዝገብ።

በገበያው የሚከተሉት ምልክቶች በተከታታይ ሦስት ቅዳሜ ከታዩ የልማት ሠራተኛው ለወረዳው በጽሑፍ ማስታወቅ ይኖርበታል፦

– አንድ በግ የሚያስገባው እህል ካለፈው ዓመት ከዚሁ ወር ጋር ሲነጻጸር በግልጽ ከቀነሰ፣
– የሚወልዱ ሴት በጎችና የእርሻ በሬዎች ከወትሮው በዝተው ከወጡ፣
– የቤት ዕቃ፣ የእርሻ መሣሪያና የቤት ክዳን እንጨት ለሽያጭ ከቀረበ፣
– ሸማቹ ከሌላው እህል ሸሽቶ ወደ ጓያ ብቻ ካዘነበለ።

የመጨረሻው ምልክት ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጓያ ድርቅ የሚችል ሰብል በመሆኑ በክፉ ቀን ደራሽ ነው። ሆኖም ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፤ የሽባነቱም ሕመም አይድንም። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል፣ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ገበያው ሲናገር መስማት ከበሽታውም ከስደቱም ይቀድማል።

6. መሸጥ መቼ ይሻላል?

በኅዳርና በታኅሣሥ ሁሉም ሲያጭድና ሲወቃ እህል ይረክሳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጎተራው ሲጎድል ይወደዳል። “እንግዲያው ሁሉም ይቆይ” ማለት ግን አይደለም። ማቆየት የሚያዋጣው እህሉ ሳይበላሽ ከቆየ ብቻ ነው።

ለምሳሌ አንድ ኩንታል ገብስ በታኅሣሥ 4,000 ብር፣ በሐምሌ 5,200 ብር ያወጣል፣ ማስቀመጫ ከረጢቱም 150 ብር ነው እንበል።

– ነቀዝና አይጥ 10 ኪሎ ካጠፉ፣ የቀረው 90 ኪሎ በ52 ብር 4,680 ብር ይሆናል። ከረጢቱ ሲቀነስ 4,530 ብር፤ ትርፉ 530 ብር ነው።
– 25 ኪሎ ካጠፉ፣ 75 ኪሎው 3,900 ብር ይሆናል። ከረጢቱ ሲቀነስ 3,750 ብር፤ ኪሳራው 250 ብር ነው።

በዚህ ስሌት ከኩንታሉ ከ20 ኪሎ በላይ ከጠፋ፣ በታኅሣሥ መሸጡ ይሻል ነበር ማለት ነው። ስለሆነም የሚከተሉት ይፈጸሙ፦

ሀ/ እህሉ ከመግባቱ በፊት በሚገባ ይድረቅ። መድረቁን ለመለየት የደረቀ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በእህል ሞልቶ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሮ፣ ከድኖ አንድ ደቂቃ ያህል መነቅነቅና ሩብ ሰዓት ማቆየት ነው። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ እንደገና ፀሐይ ይምታው።

ለ/ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ከተገኘ ይመረጣል። እያንዳንዱ ንብርብር ለየብቻው ተጠምዝዞ ይታሰር። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒትም አያስፈልግም።

ሐ/ የዘንድሮው ከአምናው እህል አይቀላቀል። ጎተራው ከመሞላቱ በፊት ተጠርጎ ስንጥቁ ይመረግ።

መ/ በገበያ የሚሸጠው የነቀዝ ክኒን መርዘኛ ጋዝ የሚያወጣ ነው። ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

ሠ/ ጤፍ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ አይደፍረውም። ስለዚህ ለመቆየት ጤፍ፣ ፈጥኖ ለመሸጥ ነቀዝ የሚወደው እህል መለየት አንዱ ዘዴ ነው።

ዕዳ ያለበት ቤት ደግሞ ወለዱን አብሮ ያስላ። የወለዱ መጠን ከማቆየቱ ትርፍ ከበለጠ፣ ሸጦ ዕዳን መክፈል ብልኅነት ነው።

7. ሌሎች ገበያዎችን መጎብኘት

ዕድሉ ሲገኝ ቡድኑ በዓመት አንድ ጊዜ ራቅ ያለ ገበያ ቢያይ ዓይኑ ይከፈታል። የአፋሩ፣ የኦሮሞውና የአማራው ሕዝብ የሚገናኝበት የባቲ የሰኞ ገበያና የሰንበቴ የእሁድ ገበያ በግመልና በከብት ንግድ የታወቁ ናቸው። በአዲስ አበባ መርካቶ ያለው እህል በረንዳ ደግሞ እህል ከየክፍለ ሀገሩ የሚራገፍበት ነው። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ በየሰፈሩ የተከፈተው የእሁድ ገበያም አምራችና ሸማች ያለ ብዙ አማላጅ እንዲገናኙ የታሰበ ነው።

በሩቅ ገበያ ዋጋው ከፍ ብሎ ሲታይ፣ ልዩነቱ ሁሉ የነጋዴ ትርፍ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ፣ የደላላ፣ የግብር፣ የከረጢትና የጉድለት ወጪ ይቀነስ። የቀረው ልዩነት ትልቅ ከሆነ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው አማካይነት አንድ መኪና የሚሞላ፣ ዓይነቱና ጥራቱ አንድ የሆነ እህል አሰባስበው መላክ ያዋጣቸዋል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ግን እዚያው ላሊበላ መሸጥ ይሻላል። አንድ ሰው አምስት ቁና ይዞ ወልድያ ቢወርድ ትርፉን መንገዱ ይበላዋል።

8. ከጉብኝቱ በኋላ

የገበያው ወሬ ሳይቀዘቅዝ በማግሥቱ ወይም በሚቀጥለው የስብሰባ ቀን ቡድኑ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ያየውን ያስረዳ። በውይይቱም ሦስት ጥያቄዎች ይመለሱ፦

1/ ዘንድሮ ሳንለፋ የተውነው፣ ገበያው ግን የሚከፍልበት ሥራ ምንድን ነው? (ማበጠር፣ ማጣራት፣ ማድለብ፣ በኪሎ መሸጥ)
2/ ሁላችንም በአንድ ቀን እያወጣን ዋጋውን የምናወርደው ምኑን ነው?
3/ ለሚመጣው ክረምት ስንት ቀን የሚያበላ እህል አለን? የጎደለው በስንት በግ ይሞላል?

ሦስተኛው ጥያቄ በየቤቱ በጥር ወር ቢመለስ መልካም ነው። በጥር የጎደለውን ያወቀ ቤት በጉ ዋጋ እያለው ሸጦ እህሉ ሳይወደድ ይሸምታል። በሐምሌ ያወቀ ግን በከሳ በግ የተወደደ እህል ይገዛል።

ማጠቃለያ

የገበያ ጉብኝት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ደብተር፣ አንድ ሚዛንና ቀድሞም ቢሆን የሚኬድበት የቅዳሜ መንገድ ይበቃሉ። ዋናው ነገር በጣሳ ሳይሆን በኪሎ ማሰብ፣ ዋጋን መመዝገብ፣ የበጉን ዋጋ ከእህሉ ጋር አስተያይቶ ማየትና የታየውን ለጎረቤት ማካፈል ነው። አንድ ዓመት የተጻፈ ደብተር ለሚቀጥለው ዓመት መንገድ ያሳያል፤ ሦስት ዓመት የተጻፈ ደግሞ ክፉ ቀን ከመድረሱ በፊት ለመዘጋጀት ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ በየቀበሌው ያላችሁ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች ደብተሩን ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሩት።